የአባት መኪና፣ የማን ሞተር?

በአገራችን የአሮጌ መኪና ነገር ሲነሣ፣ ጀርባዋ የጎበጠው ቮልስዋገን ሳትታወስ አትቀርም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው በትንሿ መኪና ነበር። በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ሥራዋ እስከ ተቋረጠበት ቀን ድረስ 21,529,464 ያህል ተሠርታለች። ዛሬም በየግቢው ቆማ የምትገኘው፣ ከልጅ ልጅ የምትተላለፍ የቤተ ሰብ ቅርስ ሆና ነው።

ቅርስ ግን አንዳንድ ጊዜ ጠብን ያመጣል። በቅርቡ ወደ አንድ የወዳጆቻችን ቤት ተጠርተን ነበር። ሟቹ አባት ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1966 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ትተውላቸዋል። ታላቅየው ስም ለማዛወር ሊብሬውን አውጥቶ ከሞተሩ ጋር ቢያስተያየው፣ በሊብሬው የተጻፈው ቁጥር በኤፍ ፊደል ሲጀምር፣ በሞተሩ ላይ የተቀረጸው በኤ ዲ ይጀምራል። አባታቸው በታመሙበት ዘመን መኪናዋን ሲነዳ የኖረው ታናሽየው ስለ ነበር፣ «የአባታችንን ሞተር ሸጠህ ሌላ አገባህበት» የሚል ቃል ከታላቁ አፍ ወጣ። ወንድማማቾቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ማዕድ መቀመጥን ተዉ። እናታቸውም፣ «የአባታችሁን ብረት አገኛለሁ ብዬ ልጆቼን አላጣም፤ መጀመሪያ ይመርመር» አሉን። እኛም አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዘን ምርመራውን ጀመርን።

በቮልስዋገን ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር የተቀረጸ ነው፤ የሞተሩ ደግሞ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ በሞተሩ ቤት ላይ ይገኛል። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ሆነ፤ እንግዲህ መኪናዋ ራስዋ ናት። ከሞተሩ ቁጥር በፊት የሚቀረጸው ፊደል ደግሞ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። ዲ የ1200፣ ኤፍ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት የ1300፣ ኤች ባለ 44 የ1500፣ ኤ ዲ ደግሞ ባለ 50 የ1600 ሞተር ምልክት ነው። ኤ ዲ የተባለው መሠራት የጀመረው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1970 አጋማሽ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ከመኪናዋ ቢያንስ በአራት ዓመት ያህል ያንሳል።

ይሁን እንጂ የሞተር ቤት ከአንዱ፣ ሆዱ ከሌላው ተወስዶ ሊገጣጠም ስለሚችል፣ ቁጥር ብቻውን በቂ ምስክር አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌው ቴስታታውን ፈትተው የሲሊንደሩን አፍ ለኩት፤ 85.5 ሚሊሜትር ሆነ። ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት 69 ሚሊሜትር ነውና፣ የአራቱ ሲሊንደሮች ይዞታ ሲሰላ 1,584 ሳንቲሜትር ኩብ ይመጣል። የቀድሞው የኤፍ ሞተር ስፋት ግን 77 ሚሊሜትር፣ ይዞታውም 1,285 ነበር። ቴስታታውም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ የአየር መግቢያ ያለው ነው፤ በአሮጌው ግን ሁለቱ ሲሊንደሮች በአንድ አፍ ይተነፍሱ ነበር። እንግዲህ ሆዱም ቤቱም ይስማማሉ ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠ የተናገረው ግን ቮላኖው ነው። የ1966 መኪና ባለ 6 ቮልት ስለ ነበረች፣ ቮላኖዋ 109 ጥርስ ያለው ትንሽ ነበር፤ በዚህ ሞተር ላይ ያለው ግን ባለ 130 ጥርሱ ትልቁ የ12 ቮልት ቮላኖ ነው። ይህ በአሮጌው ካምቢዮ ውስጥ እንዲገባ የካምቢዮው ቤት በውስጥ መፋቅ አለበት። ሽማግሌው በመብራት ቢያዩት የተፋቀው ቦታ ተገኘ፤ በላዩም የብዙ ዘመን ዘይትና አቧራ ደርቆ ተጋግሮበታል። «ይህ የአምና ሥራ አይደለም» አሉ።

ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ብረት «ከዚህ ዓመት ወዲህ ነው» ይላል እንጂ «በዚህ ቀን ተገጠመ» አይልም። የተጋገረው ዘይትም ጥርጣሬን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ እናቲቱን፣ «አባታቸው ወጪ የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸውን?» ብለን ጠየቅናቸው። ከሣጥን ሥር አንድ ደብተር ወጣ። በግንቦት 1977 ዓ.ም. በአባትየው እጅ የተጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ የመኪናው ሞተር ስለ ተሰበረ ሌላ ያገለገለ ሞተር ተገዛ፤ አሮጌው ከዋጋው ላይ ታስቦ ለሻጩ ተሰጠ። ከሥሩም በኤ ዲ የሚጀምረው ቁጥር ሳይጎድል ተጽፏል። ታናሽየው በዚያ ግንቦት ገና በእናቱ ጀርባ የሚታዘል ሕፃን ነበር።

ታላቅየው ደብተሩን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያም ተነሥቶ የወንድሙን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ታናሽየው ግን ሳይደርስ አንገቱን አቀፈው።

በየቤታችሁ አሮጌ መኪና ያላችሁ አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ የምትወስዱት ምክር አለ። የሞተሩን ቁጥር ስትፈልጉ በነጭ ጋዝና በጨርቅ አጥሩት እንጂ በሞረድ አትፋቁት፤ የተፋቀ ቁጥር ንጹሑን ሰው ያስጠረጥራልና። ፒስተን ስትገዙ የመኪናውን ዓመት ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩን ልክ ተናገሩ። ሞተር በለወጣችሁ ጊዜ ደረሰኙን ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ፤ ለውጡንም ሳታዘገዩ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስመዝግቡ። አባትየው በደብተር መጻፋቸው ልጆቻቸውን አስታረቀ፤ ሊብሬውን በጊዜው አስተካክለውት ቢሆን ግን ጠቡም ባልተነሣ ነበር።