«ቼ በለው»፦ የዋሊያስ ባንድ አልበምና የመሣሪያ ባለቤትነት

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጡ ወጣት ሙዚቀኞች ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ስለዚህ ትምህርቴን እነርሱን በቀጥታ በሚነካ ጥያቄ እጀምራለሁ፦ መሣሪያው የሌላ ሰው የሆነ ሙዚቀኛ የፈለገውን መጫወት ይችላልን?

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋሊያስ ባንድ አልበም «ቼ በለው» ይባላል። ቃሉ ፈረስ የሚጋለብበት ድምፅ መሆኑን በሱሉልታ ሜዳ ላደገ ሰው ማስረዳት አያሻኝም።

በንጉሡ ዘመን ስመ ጥር ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቴአትር ቤቶች ነበሩ። በኋላ የምሽት ክበቦች ሲስፋፉም መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው ከቤቱ ሲወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋሊያሶች ግን መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዙ። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወቱም የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው የተዋዋሉ ባለሙያዎች ነበሩ። እንደኔ አስተያየት የአልበሙ ድፍረት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ዘፋኝ በነገሠበት ገበያ፣ በአብዛኛው ድምፃዊ የሌለበት ሥራ ማሳተም ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ድብልቁ እንዴት ሠመረ? ባቲ ማይነርን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሚ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞል ይሆናል። እነዚህ አምስት ድምፆች ብሉዝ ከሚመሠረትበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ የእኛ ጆሮ ለብሉዝ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በአካሄዱ ነው። የመላከ ገብሬ ቤዝና የተማረ ሐረጉ ድራም የፈንክን ምት ይይዛሉ፤ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን በላዩ የእኛን ዜማ ያንቆረቁራል፤ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና የዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት ይመልሱለታል፤ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ደግሞ ያልተጠበቀ ቀለም ይጨምርበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ ፒያኖውንም የተጫወተው እርሱ ነው።

ጊዜው ክፉ ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት አምሽቶ ወደ ቤት መመለስ ስለማይቻል፣ ታዳሚው እስኪነጋ ከባንዱ ጋር የሚያድርበት ሌሊት ነበር። ረጃጅሞቹን የመሣሪያ ጨዋታዎች ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል፤ የሚቸኩል ሰው አልነበረማ!

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ ይዞር፣ ተሳፋሪ እስኪመጣም ይለማመድ ነበር። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ዳግም ሲታተም ወደ መድረክ ተመልሶ ነበር። ሸክላውን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጥያቄዎቻችሁ በፊት «ሙዚቃዊ ስልት»ን አብረን እናዳምጥ።