ሱስ የሌለበት አጫሽ

በደቂቃ አንዴ ብቻ የሚስብ አጫሽ አለ። ሲስብ 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ የሚያስገባውም 35 ሚሊ ሊትር ጭስ ነው፤ ጠዋትም ማታም፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። አይናደድ፣ አይጨነቅ፣ ቡና አያምረው። ይህ አጫሽ ማሽን ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየሲጋራውን ታርና ኒኮቲን ያስለካው በዚህ ማሽን ነበር። «ላይት» የተባሉት ሲጋራዎች ዝቅተኛ ቁጥር ያገኙትም በእሱ ነው። ምስጢሩ ያለው ፊልተሩ ላይ ነው። ፊልተሩን በጠቀለለው ወረቀት ዙሪያ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ማሽኑ ሲስብ በእነሱ በኩል አየር ይገባና ጭሱን ያቀጥነዋል። ሰው ሲይዘው ግን ጣቱ ወይም ከንፈሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ቀዳዳው ላይ ያርፋል።

ጣቱ ባያርፍ እንኳ አንጎሉ አይለቀውም። ሳንባ የገባ ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይበቃዋል፤ እዚያም ዶፓሚን ያስለቅቃል። 2 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በግማሽ ይወርዳል፤ ከዚያ መነጫነጩ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ ይመጣል። የለመደ አንጎል መጠኑን ያውቃል። ጭሱ ሲቀጥንበት ሰውየው ሳይታወቀው ጠበቅ አድርጎ ይስባል፣ ቶሎ ቶሎ ይደጋግማል፣ ጭሱን ወደ ውስጥ ያጠልቀዋል። ኒል ቤኖዊትዝና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ኒኮቲኑ ዝቅተኛ ነው የተባለውን ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ ኒኮቲን አልወሰዱም።

በቀን ከ20 ወደ 10 ዝቅ ያለ ሰውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚጥላት ቁራጭ እስከ ፊልተሩ አፍ የተቃጠለች ናት። እኔን የሚያሳዝነኝ ለጤናቸው ብለው ወደ ላይት የዞሩት ናቸው። አስሮ የሚይዘው ኒኮቲኑ ነው፤ በዋናነት የሚገድለው ግን ጭሱ ነውና፣ ታሩንም ካርቦን ሞኖክሳይዱንም አብረው ሳቡት። አሜሪካ ውስጥ ፓኮ ላይ «ላይት» ብሎ መጻፍ የተከለከለው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

የሱስዎን ጥንካሬ ፓኮው ላይ አያገኙትም። ሐኪም የሚጠይቅዎት ከእንቅልፍዎ ነቅተው የመጀመሪያዋን እስኪለኩሱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ ነው። 5 ደቂቃ የማይሞላ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል። ያለ ጭስ ኒኮቲን የሚሰጡ ፕላስተርና ማስቲካ አሉና፣ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ያቺን ደቂቃ ሳያሳንሱ ሳያስረዝሙ ይንገሩት።