ሙቀትና ብቸኝነት

በ1995 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በፈረንሳይ አገር የበረታው ሙቀት 15 ሺህ ያህል ሰው ገደለ። የሚበዙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ ብዙዎቹም ጠያቂ የሌላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ማዘጋጃ ቤቶቹ የብቸኞችን ስም መዝግበው ሙቀት ሲጠና በስልክ ደኅንነታቸውን ይጠይቃሉ።

ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናትና ይህ አይመለከታትም እንል ይሆናል። ሆኖም የላስታ አባቶች የሠሩት ክብ የድንጋይ ቤት በወፍራም ግድግዳውና በሣር ክዳኑ ቀን ሐሩሩን፥ ሌሊት ብርዱን ይመክታል፤ ቆርቆሮ ግን ቀን ይግላል፥ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በሥሩ የሚጎዳው ከቤት የማይወጣው ደካማ ነው።

ስለዚህ ልጆቻቸውን ለትምህርት ሰደው ብቻቸውን የቀሩ እናቶች ስማቸው ይመዝገብ፤ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ይመደብላቸው። የሰደዱት እኛን ነውና ነገሩ የእኛ ነው።