በገና ለጊታር ተጫዋች

ጊታር በጣት መምታት የለመደ ሰው በገና ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ ግራ የሚገባው ቀኝ እጁ ነው። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ነዋ! ቀኙ ምሰሶውን ደግፎ ይቀመጣል።

አሥር አውታር አለው፤ በጣት ሲደረደር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመቱት ስድስቱ ናቸው። የቀሩት ጣት መትቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው። አባቶች አሥሩን በአሥርቱ ትእዛዛት፣ ሁለቱን ምሰሶዎች በሚካኤልና በገብርኤል፣ የድምፅ ሳጥኑን (ገበቴውን) በእመቤታችን ይተረጉሟቸዋል።

የበገና ምስጢር ግን ከትርጓሜው ይልቅ እንዝራው ላይ ነው እላለሁ። እያንዳንዱ አውታር አውታሮቹን በሚሸከመው በርኩማ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ስለሚለቅ ወፍራሙ ድምፅ ላይ የንብ ጉምጉምታ የመሰለ ነዛሪ ድምፅ ይጨመርበታል። የህንዱ ታምፑራ ተመሳሳዩን በክር ያደርገዋል። ቆዳው ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ካለ ጉምጉምታው ይጠፋል፤ ስለዚህ የተማሪው ግማሽ ትዕግሥት የሚያልቀው ዜማ ሳይጀመር ነው።

የአሜሪካኖቹን የብሉግራስ መዝሙር በጣት ወደ ጊታር የሚያመጡ ተጫዋቾች በአውራ ጣት ባሱን እያፈራረቁ በሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ያወጣሉ። በገና ግን ኮርድ የለውም። እጅ አንዲት አጭር ዙር ደጋግሞ ይዞራል፣ ቃሉ ደግሞ በላዩ ላይ ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ይናገራል። እጁን ማየት ያላቆመ ሰው ድምፁን ባይጨምርበት ይሻላል።

ትምህርቱን ከመምህር ወደ ተማሪ ካሻገሩት መካከል አለሙ አጋ ዋናው ናቸው። እንጦጦ ተወልደው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማሩ፣ ከ1972 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ሲርቅ እሳቸውም ማስተማሩን ትተው ፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። በኋላ ኢትዮጲክስ የተባለው የአልበም ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ድምፃቸውን ለዓለም አደረሰው። የመኳንንት ወዳጅ የነበረ መሣሪያ፣ እቴጌ ጣይቱም ይደረድሩት የነበረ፣ እንዲህ ከሱቅ ባንኮኒ ኋላም ቆይቷል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ተማሪ ደግሞ አንድ ምቾት አለው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነውና ጎረቤት በር አያንኳኳም። በገና በቅዳሴና በማኅሌት አይገባም፤ ቦታው ቤት ነው፣ ወቅቱም በተለይ ሁዳዴ። ግንቦት 1 ልደታ ማርያም ስትነግሥ ሰፈሩ ንፍሮውን ቀቅሎ ሲጠራራ የበገናው ዋና ወቅት አልፏል። ተማሪው ታዲያ ከጾሙ ብዙ ቀደም ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል፤ አለዚያ 55ቱ ቀን እንዝራ ሲያስተካክል ያልቃል።