ሠራተኛን የመምራት ስልት

ሥራ አመራር ሰዎችን አስተባብሮ አንድን ሥራ ከፍጻሜ ማድረስ ነው። የመሪ ችሎታ የሚለካውም ራሱ በሚሠራው ብቻ ሳይሆን ሌሎች በእሱ ምክንያት በሚሠሩት ጭምር ነው።

ኩርት ሌዊን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅና ሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት አመራርን በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው መሪው ብቻውን እየወሰነ የሚያዝበት የፈላጭ ቆራጭነት ስልት ነው። ሁለተኛው ከተመሪዎቹ ጋር እየተመካከረ የሚሠራበት የአሳታፊነት ስልት ነው። ሦስተኛው ሁሉን ለሠራተኛው ትቶ ዳር የሚቆምበት ልቅ ስልት ሲሆን፣ ይህን አመራር ብሎ መጥራቱም ያጠራጥራል። ጥናቱ የተካሄደው ዐሥር ዓመት ገደማ በሆናቸው ልጆች ላይ ነበር። በትእዛዝ ብቻ የሚሠሩት ልጆች መሪው አጠገባቸው ሳለ ብዙ ይሠሩ ነበር፤ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። በምክክር የሚሠሩት መሪው በሌለበትም ይቀጥሉ ነበር።

ይህን ከአገራችን ታሪክ ጋር እናገናዝበው። ቋራ ተወልደው በ1847 ዓ.ም. በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በሁለት ዓይነት ስልት መርተዋል ማለት ይቻላል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ የሚያሳልፍ መንገድ መጥረግ ነበረባቸው። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ያየ ሰው የሥራውን ክብደት ይረዳዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠው ከማዘዝ ይልቅ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ይፈነቅሉ ነበር፤ ይህን ያየ ወታደርም እጁን አጣጥፎ መቆም አልሆነለትም። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ቢፈጅም መድፉ መቅደላ ደረሰ። ይህ አመራር ከሦስቱ ክፍሎች ወደ አንዱም በቀጥታ አይገባም፤ በአርአያነት መምራት ብንለው ይሻላል።

እኒሁ ንጉሥ ግን በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን ከተማ አዘርፈው አቃጥለዋል፤ ያጠፋውንም የተጠረጠረውንም በጭካኔ ይቀጡ ነበር። ቅጣቱ ሠራዊቱን አላጸናውም፤ ወታደሩ ዓይናቸው ዞር ባለ ቁጥር ሌሊት እየሾለከ ወደ አገሩ ይሄድ ጀመር። በየአውራጃው የተነሣው ዐመፅና የስንቅ ማነስም ለዚህ ድርሻ ነበራቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተገኘው ከቀድሞው ታላቅ ሠራዊት ጥቂቱ ብቻ ነበር።