ነገ ምን እንበላለን? ክብደት ለመቀነስ ምግብን አስቀድሞ ማቀድ



በማስተምርባቸው ዓመታት ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ነበር ከቤት የምወጣው። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ሁለት ቦምቦሊኖ በሻይ እበላለሁ። ቤት ደርሼ ምሳ የምበላው ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ረሃቡ ስለሚጠናብኝ የቀረበውን ሁሉ ሳላጣጥም እጨርሳለሁ፤ ማታ ደግሞ እንደገና እራት ይቀርባል።

እንዲህ እያልኩ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄጄ ስመረመር 88 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር 25 ሲደርስ ክብደቱ በዝቷል፣ 30 ሲደርስ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው ይባላል። የእኔ 30.4 ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬም 112 ሆነ። ብዙ ሐኪሞች ከ100 እስከ 125 ያለውን ልኬት የስኳር በሽታ መዳረሻ አድርገው ያዩታል፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ራሱ ነው። አባቴ በስኳር በሽታ ለዓመታት ሲሰቃይ አይቻለሁና ነገሩ አስደነገጠኝ።

የተነገረኝ ግን «ክብደት መቀነስ ያስፈልጋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እንዴት እንደሚቀነስ የነገረኝ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ በንባብ፣ ሐኪም በማማከርና በቤታችን በመሞከር ያገኘሁትን መልስ ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ለምን አስቀድሞ ማቀድ?

ክብደት የሚጨምረው ሰውነት ከሚጠቀምበት የበለጠ ኃይል በምግብና በመጠጥ ሲገባ ነው። ይህን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ሆድን ለሦስት ስለመክፈል የሚናገረውን፣ ኢማም ቲርሚዚ የዘገቡትን ሐዲስም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ታዲያ ተግባሩ ለምን ይከብደናል?

አንዱ ምክንያት የምንወስንበት ሰዓት ነው። ስንራብ ጨጓራችን ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። የጥጋብ ስሜት ደግሞ መብላት ከጀመርን በኋላ እስኪሰማን 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በጣም የራበው ሰው ትሪ ፊት ተቀምጦ «ሲሶው የቱ ጋ ነው?» እያለ ሊመዝን አይችልም። ስለዚህ ውሳኔው ከረሃቡ መቅደም አለበት። የምግብ ዕቅድ ማለት ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደምንበላ ሳይርበንና ተረጋግተን ሳለን መወሰን ነው።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ነገር ከሌለ የሚበላው ቶሎ የሚደርሰው ነው፦ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ወይም ከመንገድ የተገዛ ጥብስ። ጎመን መታጠብና መከተፍ፣ ሽንብራ መዘፍዘፍ ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ደክሞት ሲገባ አይጀምረውም።

መጀመሪያ የቤታችንን ሒሳብ እንወቅ

ከማቀዳችን በፊት የአንድ ሳምንት ምግባችንን በደብተር መዘገብን። ትልቁ ግኝት ዘይትና ስኳር ነበር።

እኛ ቤት አምስት ሰዎች ነን፤ በወር 5 ሊትር ዘይት እንጨርስ ነበር። አንድ ሊትር ዘይት ወደ 920 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል። አምስቱ ሊትር ወደ 41,400 ካሎሪ ማለት ነው። ለአምስት ሰውና ለ30 ቀን ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 276 ካሎሪ ይደርሰዋል። ወደ 3 ሊትር ስናወርደው 166 ሆነ። የ110 ካሎሪ ልዩነት የመጣው ከማንም ፊት እንጀራ ሳይነሳ ነው።

ሻያችንንም እንይ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ እያንዳንዱን በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ 5 በመቶው 25 ግራም ነው። ሻዩ ብቻውን ጣሪያው ጋ ደርሷል፤ ለስላሳ መጠጥ ሲታከልበት ያልፋል።

ዕቅዱ በተግባር

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ወረቀት ይዘን እንቀመጣለን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

1. የሳምንቱን ሁኔታ እንጽፋለን። ማን ምሳ ውጭ ይበላል? ሰኞና ሐሙስ የሚጾም አለ? እንግዳ፣ ሰርግ ወይም ሌላ ጥሪ አለ?

2. ምግቡን እንመድባለን። በየቀኑ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። ለቁርስ ሁለት ዓይነት ይበቃል፦ ቅንጬ፣ ወይም እንቁላል ከቲማቲምና ከጥቂት ዳቦ ጋር። ለምሳና ለእራት አራት ቀን ምስር፣ ሽሮ ወይም ሽንብራ፣ ሁለት ቀን ሥጋ ወይም ዶሮ፣ አንድ ቀን ዓሣ ወይም እንቁላል እንመድባለን። ከእያንዳንዱ ጋር ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር ወይም ሰላጣ አይቀርም።

3. በዝርዝር እንገዛለን። ገበያ የምንሄደው በልተን ነው፤ በባዶ ሆድ የሄደ ሰው ዘንቢሉን ባላሰበው ነገር ይሞላል።

4. እሑድ ጠዋት የሚቀድመውን እናስቀድማለን። ሽንብራው ይዘፈዘፋል፤ ጎመኑ ታጥቦ ይከተፋል፤ ለሦስት ቀን የሚሆን ቁሌት ይሠራል። ዘይት ከጀሪካን በቀጥታ አይንቆረቆርም፤ በሾርባ ማንኪያ ይለካል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነውና።

5. መጠኑን እንወስናለን። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚመክሩት ቀላል መለኪያ አለ፦ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ ቀሪው ሩብ እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ዳቦ። «የጤፍ እንጀራ አያወፍርም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ጤፍ በብረትና በአሰር የበለጸገ ጥሩ እህል ነው፤ ሲበዛ ግን እንደማንኛውም እህል ክብደት ይጨምራል።

የተሠራን ምግብ ስለማቆየት

የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ማደር የለበትም። ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነ ፍሪጅ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ ሲበላም በደንብ እስኪፈላ መሞቅ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ፍሪጅ በሌለበት ቤት ግን ወጥ ሠርቶ ማስቀመጥ አያዋጣም። እዚያ ማቀድ ማለት ጥራጥሬውን ለቅሞ ማዘጋጀት፣ ሽሮና በርበሬውን ማሟላት፣ አትክልቱን ለሁለት ቀን ብቻ መግዛት ነው።

አንድ ትሪ፣ እንግዳና ኢፍጣር

«አብረን ከአንድ ትሪ እየበላን እንዴት እንመጥናለን?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከፊት ለፊት መብላት የማዕድ አደባችን ስለሆነ ነገሩ ከሚመስለው ይቀላል። ድርሻችንን መጀመሪያ ከፊታችን እናደርጋለን፤ እሱ ሲያልቅ ተጨማሪ እንጀራ ከመዘርጋታችን በፊት ትንሽ እየተጫወትን እንቆያለን። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው እንጀራ ሳያስፈልግ ይቀራል።

ጥሪ ሲኖር ደግሞ የደጋሹን ልብ መስበር አያስፈልግም። በሳምንት ሃያ አንድ ማዕድ አለ፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ከዕቅድ ቢወጡ ሌሎቹ ይክሱታል። ጉዳት የሚያመጣው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ መተው ነው።

በረመዷን ቀኑን ሙሉ ጾመን ወሩ ሲያልቅ ክብደት ጨምረን የምንገኝ አለን። ምክንያቱ በየቀኑ የሚጠበሰው ሳምቡሳ፣ ስኳር የበዛበት ጭማቂና ከኢፍጣር እስከ ሰሁር የማይቋረጠው መብላት ነው። እኛ ቤት ሳምቡሳን በሳምንት ለሁለት ቀን መደብነው። በሦስት ተምርና በውሃ እናፈጥራለን፣ ትንሽ ሾርባ እንጠጣለን፣ መግሪብ እንሰግዳለን፤ ዋናው ምግብ ከዚያ በኋላ ይቀርባል። በመካከል ያለው ጊዜ ጥጋቡ እንዲሰማን ይረዳል። ለሰሁር ደግሞ ቶሎ የማያስርበውን እንመድባለን፦ አጃ ወይም ቅንጬ፣ እንቁላል፣ እርጎ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን መቀነስም ሆነ መጾም የለበትም፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ለአደጋ ሊጥል ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም በራሳቸው ውሳኔ ክብደት ለመቀነስ አይሞክሩ። ለሌላው ሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። ከመነሻ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ ለደም ስኳርና ለደም ግፊት ጥቅም አለው። ለእኔ ይህ ከ4.4 እስከ 8.8 ኪሎ ማለት ነበር።

በስድስት ወር 82 ኪሎ ደረስኩ፤ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳሬም ወደ 98 ወረደ። ዕቅዱ የፈረሰባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ከዒድ በኋላ አንድ ኪሎ ተኩል መልሼ ጨምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም በቀጣዩ ቅዳሜ ወረቀቱን ይዘን እንቀመጣለን። ያልጠበቅነው ጥቅምም አገኘን፦ የሚደፋ ምግብ ከቤታችን ጠፋ ማለት ይቻላል። ኢስራፍን መራቅ ስንል በአፍ ብቻ የምንለው ነገር እንዳልነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው። ሙሉ ሳምንት ከከበዳችሁ የነገውን ቁርስና ምሳ ብቻ ዛሬ ማታ ጻፉ።

አላህ በጤናችንና በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን፤ ለታመሙትም ሺፋውን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።