ከጢስ ዓባይ ተመልሰው ትኩሳት ቢይዝዎት ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ

መስከረምና ጥቅምት ጢስ ዓባይ የሚያምርበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ወንዙን ሞልቶት ስለሚያልፍ፣ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል የሚወረወረው ውሃ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ከባሕር ዳር ቢርቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረው ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር መጓዝ ደግሞ ለልብም ለአእምሮም ጥሩ ነው። የመንገዱን ሁኔታ አጣርተው ይሂዱ፣ ይዩ!

ግን አንድ ነገር አይርሱ፦ ፏፏቴው የሚሞላበት ወቅት የወባ ወቅትም ነው። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ነው። ባሕር ዳርም ጢስ ዓባይም ከዚያ በታች ናቸው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ደግሞ ሰውነቱ ወባን ስላልለመደ ሊጠናበት ይችላል።

ችግሩ የት ጋ ነው?

ወባ በተነደፉ ማግስት አያምም። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያል። ያኔ ፎቶው ተለጥፎ፣ ጉዞው ተረስቷል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ሲመጣ "ጉንፋን ነው"፣ "ታይፎይድ ይሆናል" ተብሎ ከፋርማሲ መድኃኒት ይገዛል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ግን ቶሎ ካልታከመ አንጎልንና ኩላሊትን ጎድቶ ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

ከመሄድዎ በፊት
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ትንሽ ልጅ ይዘው ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።
• የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የአስም መድኃኒትዎን በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ።

እዚያ ሳሉ
• የወባ ትንኝ በብዛት የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ፣ አጎበር ውስጥ ይተኙ።
• ፏፏቴው አጠገብ ድንጋዩ እርጥብ ነው። የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፤ ለሰልፊ ብለው ወደ ገደሉ ጫፍ አይጠጉ።
• ጣና ሐይቅና ዳርቻው ቢልሃርዚያ አለበት። በዝግታ በሚፈስ ወይም በተኛ ውሃ ውስጥ አይዋኙ፣ እግርዎንም አይንከሩ።

ከተመለሱ በኋላ
• ትኩሳት ከያዘዎት አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት የወባ የደም ምርመራ ያድርጉ።
• "ወባ ያለበት አካባቢ ሄጄ ነበር" ብለው፣ ከነቀኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ካልነገሩት ወባን ላያስብ ይችላል።
• የመጀመሪያው ምርመራ ነጻ ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማግስቱ ይደገም።
• መደንዘዝ፣ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ካለ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ወባ በጊዜ ከተደረሰበት በክኒን የሚድን በሽታ ነው። ሊጓዝ ላሰበ ወይም ሰሞኑን ለተመለሰ ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት። መልካም ጉዞ፣ ጤና ይስጥልን!